«ሻሽ ነው እንጂ ስካርፍ አይደለም!» የራስ መሸፈኛ ስሞቻችን ከየት መጡ?

የጓዳ ወሬ (የውይይት ክሩን የከፈተች፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ነገሩ የተጫረው በልጄ የቤት ሥራ ነው። ሦስተኛ ክፍል ናት። «የአያታችሁን አንድ ልብስ ሥላችሁ ስሙን ጻፉ» ተባሉ። እሷም እናቴን ሣለቻት። ሰፊ ግንባር፣ በክር የተንጠለጠለ መነጽር፣ ራሷ ላይ ነጭ ነገር። ከሥሩ «ስካርፍ» ብላ ጻፈች።

እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። የተጻፈውን ስነግራት ሽሮውን ማማሰል አቆመች። «እኔ ስካርፍ አስሬ አውቃለሁ? ይሄ ሻሽ ነው! ስካርፍ ማለት አንቺ በብርድ ጊዜ አንገትሽ ላይ የምትጠመጥሚው ነው» አለች። ልጄ ወዲያው ወደኔ ዞራ «ሻሽ ከየት መጣ?» አለችኝ። አሁን ይሄ ለእናት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው?

ማታ የእናቴን ሻንጣ ከፍተን ቆጠርን። ሦስት ሻሽ። ሁለት ነጠላ፤ አንዱ የቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ የለቅሶ። አንድ አበባ ያለው ሻርፕ፤ እሱ «ለሐኪም ቤት» ነው አለች። ለእኔ ሁሉም ራስ ላይ ጣል የሚደረግ ጨርቅ ነው። ለሷ ግን አንዱን በሌላው ስም መጥራት ልጆቿን እንደማቀያየር ነው።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ሻሽ የራሳችን ቃል ነው? ሻርፕስ? ነጠላስ ለምን ነጠላ ተባለ? የቤት ሥራው ሰኞ ይገባል።

ፈጣን ጣት

ቀላል ነው። ሻሽ ከእንግሊዝኛው «ሳሽ» የመጣ ነው። የቆነጃጅት ውድድር ላይ ትከሻቸው ላይ የሚያጋድሙት ሪባን የለም? እሱ ነው። ቀጣይ ጥያቄ።

ፊደል ቆጣሪ (ደሴ)

ወንድሜ፣ ጣትህ ከዓይንህ ቀደመ። ገልብጠኸዋል። እንግሊዞቹ ናቸው ከዓረብኛ የወሰዱት። በ1590ዎቹ እ.ኤ.አ. ቃሉን መጻፍ ሲጀምሩ እንደኛው «ሻሽ» ነበር የሚሉት። ትርጉሙም ምሥራቅ ያሉ ሰዎች ራሳቸው ላይ የሚጠመጥሙት ስስ ጨርቅ ማለት ነበር። ወገብና ትከሻ ላይ የወረደው፣ «ሳሽ»ም የሆነው በኋላ ነው።

ዓረብኛው «ሻሽ» ስስ የጥጥ ጨርቅ ነው። የጥምጥም ጨርቅ። ወደኛ የመጣው ከዚያ ነው። የመጣው ደግሞ ወደ አማርኛ ብቻ እንዳይመስልሽ። ኦሮምኛም ሻሽ ይላል፣ ሶማልኛም ይላል፣ አፋርኛም ይላል። ሶማሌና አፋር ዘንድ ሻሽ ያገባች ሴት ምልክት ነው። የአፋሯ ጥቁር ነው።

ሻርፕ ደግሞ ከጣልያኑ «ሻርፓ» ወይም ከፈረንሳዩ «ኤሻርፕ» ነው። አስቂኙ ነገር የእንግሊዝኛው ስካርፍም ከዚያው ቤት የወጣ ነው፤ በጥንቱ የሰሜን ፈረንሳይ አነጋገር «ኤስካርፕ» ይሉት ነበር። ስለዚህ የልጅሽ ስካርፍና የእናትሽ የሐኪም ቤት ሻርፕ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሻሹ ግን ከሁለቱም ጋር ዝምድና የለውም። እናትሽ ልክ ናቸው።

የጓዳ ወሬ

«እናትሽ ልክ ናቸው» የሚለውን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አሁን ከዚህ በኋላ ከሷ ጋር መኖር አይቻልም።

ፈጣን ጣት

እሺ ተሸነፍኩ። ቡና በኔ።

ቤሩት የነበርኩ

ስለ ሻሽ እኔም አለኝ። ቤሩት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ዓረብኛዬ «ነዓም» እና «ላ» ብቻ ነበር። ማዳም ወጥ ቤት ገብታ ሎሚ ስትቆርጥ ቢላው ሾልኮ ጣቷን ቆረጣት። ደሙ ነጩ እምነበረድ ላይ ተንጠባጠበ። «ሻሽ! ሻሽ!» እያለች ትጮኻለች። እኔ በመጨረሻ አንድ የምገባው ቃል ሰማሁ ብዬ ደስ አለኝ። የራሴን ፈትቼ ሰጠኋት።

ሴትየዋ ደሙን ረስታ አፈጠጠችብኝ። አንዴ ሻሹን፣ አንዴ ሹሩባዬን ታያለች። ለካ እነሱ ሻሽ የሚሉት የቁስል ማሰሪያውን፣ ጎዙን ነው። ከመደርደሪያው ላይ ነበር። ግን ደሙ አልቆም ሲል በኔው ሻሽ አሰርነው። ሁለተኛ አልመለሰችልኝም። ታጥቦ ማስታወሻ ሆኖ ተቀምጦ ይሁን ተጥሎ እንጃ።

ከዚያ ደግሞ ቴሌቪዥኑን «ሻሻ» ሲሉ ሰማሁ። አይ፣ አሁንስ ይሄ ሕዝብ ሁሉንም ነገር ሻሽ ነው እንዴ የሚለው አልኩ።

ፊደል ቆጣሪ (ደሴ)

እህቴ፣ አልተሳሳትሽም፤ ቃሉ አንድ ነው። ስስ ነጭ ጨርቅ ራስ ላይ ሲታሰር ሻሽ፣ ቁስል ላይ ሲጠቀለል ሻሽ። ፊልም የሚታይበት ነጭ ጨርቅ ደግሞ «ሻሻ» ተባለ፤ ጨርቁ ቀርቶ መስታወት ሲሆን ስሙ ቀረ። አሁን የስልኩንም ገጽ ሻሻ ይሉታል።

የኛ ሐኪም ቤት ፋሻ የሚለው ደግሞ ጣልያንኛ ነው። ሁሉም የየራሱን ጥሎብን ሄደ።

ልጅ እያለሁ

ሁሉም ጥሩ፣ ግን ሻሽ የሴት ነው። ወንድ ልጅ ሻሽ አስሮ ሰፈር ውስጥ ሲሄድ እስቲ አስቡት።

ጋሽ ቡና

ልጄ፣ ዳግማዊ ምኒልክን ፎቶ ላይ አላየሃቸውም? ባርኔጣው ሥር ግንባራቸውን ይዞ የታሰረው ነጭ ነገር ምን መሰለህ? ሻሽ ነው! ዓድዋን የመሩ ሰውዬ ሻሽ አስረው ነው አገር የገዙት። ቄሱም ይጠመጥማል፣ ሼኹም ይጠመጥማል። ጥምጥም የሚለው ቃል ራሱ ከመጠምጠም ነው። ጨርቁ ሴትና ወንድ አያውቅም ነበር፤ እኛ ነን በኋላ የከፋፈልነው።

በነገራችን ላይ ያ ባርኔጣም ሩቅ አገር ሰው ነው። ዓረቦቹ የፈረንጅ ቆብ «ቡርነይጣ» ይላሉ፤ እሱም ከጣልያኑ «ቤሬታ» የመጣ ነው። የኛው ባርኔጣም ከዚሁ ወገን ይመስለኛል።

ልጅ እያለሁ

ምኒልክን ካመጣችሁብኝማ ምን እላለሁ። ተቀመጥኩ።

ጥበብ ሻጯ (ሽሮ ሜዳ)

ነጠላውን ለኔ ተዉልኝ፣ እንጀራዬ ነው።

ነጠላ ከ«ነጠለ» ነው። ድርብ ያልሆነ። ነጠላ ጫማ ስትዪ፣ ነጠላ ሰረዝ ስትዪ፣ ዘፋኙ «ነጠላ ዜማ ለቀቀ» ሲባል ያው ቃል ነው። ትግርኛ ተናጋሪ ደንበኞቼ «ነጸላ» ይሉታል፤ ግዕዙም በጸ ነው፣ አማርኛ ጸውን ጠ አድርጎት ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ለዚህ ነው የሚከብደውና የሚያሞቀው። ነጠላ ግን ብርሃን ላይ ስትዘረጊው በወዲያ በኩል ጣትሽ ይታያል። ጥሩ ነጠላ መሆኑን የምናውቀውም እንደዚያ ነው።

ዋናው ግን አለባበሱ ነው። ነጠላ አፍ አለው። ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ በመስቀለኛ ታጣፊዋለሽ። ለትልቅ ሰው ስታስተናግጂ ወገብሽ ላይ ታደገድጊዋለሽ። ለደስታ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሰው እንዲያየው። ለሐዘን ጥለቱ ወደ ላይ ይዞራል፣ አንገትና ፊት አጠገብ ይሆናል።

አንዲት ከውጭ የምታዘኝ ልጅ አለች። ደማቅ ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ ላኩላት፣ ለጓደኛዋ ሠርግ። ጥለቱ ፎቶ ላይ ከፊቷ አጠገብ እንዲታይ ብላ ገልብጣ ለበሰችው። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት እናቶች አንድ በአንድ እየመጡ ጉንጯን ይስማሉ። «አይዞሽ፣ መቼ ነው?» ይሏታል። እሷ ስለ ሠርጓ የሚጠይቋት መስሏት «ገና ነው፣ እየጠበቅን ነው» ትላለች! አንዷ እናት አልቅሰዋል አሉ።

የጓዳ ወሬ

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እናቴ ግን አልሳቀችም። «ጥፋቱ የላኪዋ ነው፣ መንገር ነበረባት» አለች።

ታዲያ የለቅሶ ነጠላዋ ለብቻው ለምን አስፈለጋት? መገልበጥ ከተቻለ?

ጥበብ ሻጯ (ሽሮ ሜዳ)

እናትሽ እውነታቸውን ነው፣ ከዚያ ወዲህ ወረቀት አብሬ እልካለሁ። የለቅሶው ጥለቱ ጥቁር ነው። ለቅርብ ሰው ለቅሶ ቀይና አረንጓዴ ጥለት ገልብጦም አይሄድም። እናትሽ ሁለት ይዘው መምጣታቸው አስተዋይ ሰው ስለሆኑ ነው። ሰው አገር ለቅሶ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም።

የሐረር በር

ስለ ራስ መሸፈኛ እየተወራ ጉፍታ ካልተነሳ ክሩ ጎዶሎ ነው።

ሐረር ውስጥ ልጃገረድ ሹሩባ ትሠራለች። ስታገባ ፀጉሯ መሃል ለመሃል ይከፈልና ከጆሮዋ ኋላ በሁለት በኩል ድቡልቡል ተደርጎ ይሰበሰባል። በላዩ ላይ ጥቁር መረብ ይሳባል። ጉፍታ ይሄ መረብ ነው። የሐረርጌ ኦሮሞ እናቶችም ጉፍታ ያደርጋሉ፣ ስሙም ያው ነው። ከሱ በላይ ሻሽ ወይም ሌላ ስስ ጨርቅ ጣል ይደረጋል።

አያቴ ጉፍታዋን ስታስተካክል አሁንም ይታየኛል። መስታወት አታይም። በሁለት አውራ ጣቷ ከጆሮዋ ኋላ ገፋ፣ ሳብ፣ በቃ። ከእንቅልፏ ተነስታ ሻይ ሳይፈላ ያልቃል። ዘመናዊቷ እህቴ ለሠርጓ ቀን ብቻ አሠራችው፤ ሦስት ሰው ሁለት ሰዓት ፈጀ፣ በመሃል መረቡ ተቀደደ።

ሶማሌዎቹ ደግሞ ከሻሽ ሌላ ጋርባሳር አላቸው። «ጋራብ» ትከሻ ነው፣ «ሳር» ደግሞ ላዩ ላይ ማድረግ። ጨርቁን በቦታው ጠሩት፣ ምንም ምስጢር የለውም። ደስ የሚል ግልጽ ስም።

ሙሽራ አልባሽ

እኔ የምሠራው ቬሎ ማከራየት ላይ ነው። ከሁላችሁም የባሰ ጉድ እኛ ጋ አለ።

ቬሎ አማርኛ ውስጥ ምንድን ነው? የሙሽራ ቀሚስ። ከአንገት እስከ መሬት ያለው በሙሉ። ጣልያን አገር ሄዳችሁ «ቬሎ» ብትሉ ግን የሚያመጡላችሁ ራስ ላይ የሚደረገውን ስስ ጨርቅ ብቻ ነው። ቀሚሱን አያመጡም! እኛ የራሱን ስም ወስደን ለሰውነቱ በሙሉ ሰጠነው። ከዚያ የራሱ ጨርቅ ስም አጣ። «ዓይነ ርግብ» የሚል ያማረ ስም ነበረን፤ የርግብ ዓይን። አሁን ከትልልቅ እናቶች በቀር የሚለው የለም። ልጆቹ «ቬል» ይላሉ። ባለፈው አንዲት የሙሽራ እናት ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ቬሎው ቆንጆ ነው፣ መጋረጃውን ግን አሳጥሪላት፣ ትጠለፋለች!»

ፊደል ቆጣሪ (ደሴ)

የሙሽራዋ እናት ሳያውቁት ሊቅ ሆነዋል። ቬሎ የመጣው ከላቲኑ «ቬሉም» ነው። ቬሉም ደግሞ መጋረጃ ማለት ነው፤ የመርከብ ሸራም ይሆናል።

ኑር

መጋረጃ ካላችሁ እኔም ልግባ። ኡስታዝ አይደለሁም፣ እንደ አንድ አንባቢ ቁጠሩኝ። ሂጃብም በመጀመሪያ ትርጉሙ መጋረጃ ነው። ግርዶ። በሁለት ነገሮች መሃል የሚቆም።

ቁርኣን ውስጥ ሂጃብ የሚለው ቃል ሰባት ቦታ ይገኛል። ሰባቱም ቦታ ግርዶን፣ መጋረጃን፣ መከለያን ነው የሚያሳየው። ለምሳሌ መርየም ከሰዎቿ ተለይታ ግርዶ አደረገች የሚለው (19፡17) ላይ ያለው ሂጃብ ነው። ራስ ላይ የሚደረገው ጨርቅ ስሙ ኺማር ነው፣ ሱረቱ አን-ኑር 24፡31 ላይ። ከላይ የሚደረበው ሰፊው ልብስ ጅልባብ ነው፣ ሱረቱል አሕዛብ 33፡59 ላይ። ሂጃብ የሚለው ስም ለጨርቁ የተሰጠው በኋላ ነው። የኺማር ሥር «መሸፈን» ነው፤ አስካሪ መጠጥም «ኸምር» የተባለው ከዚያው ሥር ነው፣ አእምሮን ስለሚሸፍን። ኒቃብ ደግሞ ከመብሳት ነው፤ ዓይን ከሚያይበት ቀዳዳ።

ይህን የምለው ስለ ቃሉ እንጂ «አትልበሱ» ለማለት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እኔ ራሴ ለባሽ ነኝ። መርካቶ አንዋር መስጊድ አካባቢ ሱቅ ለሱቅ ስዞር የምውል ሰው ነኝ፣ እዚያ ኺማር ብትጠይቁ አንድ ቁራጭ ነው የሚሰጧችሁ፣ ሂጃብ ብትሉ «የትኛውን?» ይሏችኋል።

አወያይ

ከዚህ ቦታ ሁለት አስተያየት አንስቻለሁ። የምናወራው ስለ ቃል ነው፤ ማን ምን ይልበስ የሚለው ሌላ ክር ነው፣ እሱም ተዘግቷል።

ፊደል ቆጣሪ (ደሴ)

ኑር ጅልባብን ስላነሳሽ አመሰግናለሁ። ከጠዋት ጀምሮ እሱን ልጽፍ ፈልጌ ምክንያት አጥቼ ነበር።

ግዕዝ ውስጥ «ገልበበ» የሚል ግስ አለ። ሸፈነ፣ ከደነ፣ ጋረደ ማለት ነው። ከሱ የወጣው ስም «ግልባቤ» ነው፤ መሸፈኛ፣ መከናነቢያ። አሁን ግልባቤን ጮክ ብላችሁ በሉት፣ ቀጥሎ ጅልባብን በሉት። የኛ «ገ» ዓረብኛ ላይ «ጅ» ይሆናል። ግመሉ በግዕዝ «ገመል»፣ በዓረብኛ «ጀመል»። የኛ «ገነት»፣ የነሱ «ጀንና»።

ቴዎዶር ኖልደከ የሚባል ጀርመናዊ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ በ1910 እ.ኤ.አ. ይህንን አይቶ ጅልባብ ከግዕዝ ወደ ዓረብኛ የገባ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ማለትም ብዙዎቻችን «የዓረብ ልብስ» የምንለው ስሙ ከዚህ የሄደ ሊሆን ይችላል።

ተጠራጣሪው

አይ እንግዲህ! ጀመራችሁ። ቀጥሎ ፒዛም ከኛ ነው ትላላችሁ። ገመልና ጀመል ዝምድናን ያሳያል እንጂ ማን ከማን ወሰደ የሚለውን አያሳይም። ወንድምና እህት ይመሳሰላሉ፤ አንዱ ሌላውን ወለደ ማለት ነው?

ፊደል ቆጣሪ (ደሴ)

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሳልቆጣ ልመልስ። መመሳሰሉ ብቻ አይበቃም፣ እዚህ ላይ ትክክል ነህ። ገመልና ጀመልን ያመጣሁት ድምፁ እንደሚገጥም ለማሳየት ነው። አቅጣጫውን የሚጠቁመው ሌላ ነው። ዓረብኛ ላይ «ጀለበ» ዋና ትርጉሙ አመጣ፣ ነዳ ነው። ከማምጣት ተነስቶ ልብስ ላይ መድረስ ይከብዳል። ግዕዝ ላይ ግን ግሱ ራሱ ሸፈነ ነው፣ ስሙም መሸፈኛ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ እዚህ አለ። ኖልደከም ያቀረበው እንደ ሐሳብ ነው፤ እኔም ከዚያ አላልፍም።

ደግሞ ብቻውን የሄደ ቃል አይደለም። «ሐዋሪዩን» ከሐዋርያ፣ «ማኢዳ» ከማእድ የሄዱ ናቸው የሚለውን ብዙ የዘርፉ ሰዎች ይቀበሉታል። ከፈረንጆቹ በፊት ደግሞ በ1505 እ.ኤ.አ. ያረፈው የግብፁ ሊቅ ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ ቁርኣን ውስጥ ያሉ የሐበሻ ቃላት ናቸው ያላቸውን ዘርዝሯል። ፒዛውን ለጣልያን ትቼለታለሁ፣ ቬሎውን ካበላሸንባቸው ይበቃቸዋል።

ኑር

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልብስ ስለሆነ ከርዕሱ አልወጣም። በ615 እ.ኤ.አ. አካባቢ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሶሓባዎች (የነቢዩ ባልደረቦች) ልጅ ወልደው የተመለሱ ነበሩ። አንዷ ኡሙ ኻሊድ ናት። ትንሽ ልጅ ሆና መዲና ስትደርስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያላት ጥቁር ልብስ በእጃቸው አለበሷት። ከዚያ ጥለቱን እያሳዩዋት «ሰናህ፣ ሰናህ» አሏት፣ በሐበሻ ቋንቋ «ቆንጆ ነው» ለማለት። ቡኻሪ የዘገበው ሐዲስ ነው። ልጅቷ ያደገችበትን ቋንቋ መርጠው ነው ያናገሯት።

«ሰናህ» ምን እንደሚመስል ለፊደል ቆጣሪ እተዋለሁ።

ፊደል ቆጣሪ (ደሴ)

ሠናይ! ግዕዙ ሠናይ፣ ያማረ፣ መልካም። አሁን ሄጄ ለባለቤቴ መንገር አለብኝ፣ ይሄን ለብቻዬ ልይዘው አልችልም።

ተጠራጣሪው

እሺ፣ ይሄኛው ሸጋ ነው። ስለ ጅልባቡ ግን ግማሽ ብቻ ነው ያመንኩት።

የአሽዶድ እናት

ከእስራኤል ነኝ። እኛ ጋ ያገቡ ሃይማኖተኛ ሴቶች የሚያስሩት «ሚትፓኻት» ይባላል። ቃሉ አሮጌ ነው። መጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 3 ቁጥር 15 ላይ ቦዔዝ ለሩት ስድስት መስፈሪያ ገብስ የሰፈረባት ጨርቅ በዕብራይስጡ ሚትፓኻት ነው የሚባለው። ስድስት መስፈሪያ ገብስ የሚይዝ የራስ መሸፈኛ አስቡ! የዛሬው ሁለት ሎሚ አይችልም።

ቆብስ? ዕብራይስጥ ባርኔጣን «ኮቫ» ይላል። ልጆቼ ፀሐይ ላይ ሲወጡ «ኮቫችሁን» እላቸዋለሁ። እናቴ ሰምታ «ቆባችሁን» ያልኩ መስሏት ነበር፣ ልትመነኩሱ ነው ወይ አለቻቸው። ግዕዙ «ቆብዕ» ስለሆነ ብዙም አልተሳሳተችም። ጎልያድ ራሱ ላይ የደፋው፣ በአማርኛው ቁር የተባለው፣ በዕብራይስጡ ይኸው ኮባዕ ነው። በአማርኛ መነኩሲት «ቆብ ደፋች» እንላለን፤ በዚያው ቃል አንዱ ጦርነት ሄደ፣ አንዷ ገዳም ገባች።

እናቴ ግን እስራኤል ይህን ሁሉ ጊዜ ኖራ ሚትፓኻት አታውቅም። ሻሽ ብላ መጣች፣ ሻሽ እንዳለች አለች። ለስግድ፣ ለቤተ እስራኤል በዓላችን፣ በሻሹ ላይ ነጠላ ትደርባለች።

ጅዳ ቀርቶ ነገር

የባሕረ ሰላጤዎቹን እኔ ልናገር። ጅዳ ላይ «ጠርሓ» ነው የሚሉት። ሌሎቹ አገሮች «ሸይላ» ይላሉ። ጠርሓ የመጣው «ጠረሐ» ከሚለው ነው፣ ጣለ፣ ወረወረ። እናቴ ከቤት ስወጣ «ራስሽ ላይ ጣል አድርጊ እንጂ!» ትለኝ ነበር። ማዳምም በሯ ላይ ቆማ «ጠርሓሽ!» ትለኝ ነበር። ሁለቱም የሚሉኝ ያንኑ ነው፣ ጣል አድርጊ።

የሂንዲ ፊልም ሱሰኛ

እኔም ላዋጣ። የሕንዶቹ «ዱፓታ» ውስጥ «ዱ» ሁለት ማለት ነው፣ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ። እኛ ነጠላ አልን፣ እነሱ ድርብ አሉ። የፋርሶቹ ቻዶር፣ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍነው፣ ደግሞ ድንኳንም ማለት ነው። ያው መልኩን ካያችሁት ስሙ ገባችሁ።

ጋሽ ቡና

ኪሳችን ውስጥ ያለችው መሃረብ ተረሳች። እሷም ከዓረብኛው «ማሕረማ» ናት፤ «ም» በአማርኛ አፍ «ብ» ሆነ። በቱርኮች በኩል ዞራ ባልካን ድረስ ሄዳ «ማራማ» ተብላለች፣ እዚያ የሴት ራስ መሸፈኛ ናት። እኛ ጋ አፍንጫ መጥረጊያ ሆና ቀረች። ዕድል ነው።

የጓዳ ወሬ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቁርስ ላይ ሁሉንም ለእናቴ አነበብኩላት። ቤሩት የነበረችው ልጅ ጋ ስደርስ ዝም አለች። «ሻሿን ሳትመልስላት?» አለች። ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ጅልባቡ ጋ ራሷን ነቀነቀች። ምኒልክ ጋ ስደርስ ግን ቀና አለች፤ «እና እሳቸው ያሰሩትን ነው ስካርፍ የምትሉብኝ?»

ልጄ «ስካርፍ» የሚለውን ሰርዛ «ሻሽ» ብላ ጽፋለች፣ በአማርኛ ፊደል። ሻውን ገልብጣዋለች፣ እግሩ ወደ ላይ ነው። እናቴ እንዳላርመው ከለከለችኝ።

ጥበብ ሻጯ፣ በውስጥ መስመር ጽፌልሻለሁ። ለቤሩቷ እህታችን አንድ ሻሽ፣ ነጭ፣ በእናቴ ሒሳብ። ወረቀቱን አትርሺ።